በጋቢ ስር የተጨመረችው ጣት

አላህ ደጋግ ባሮቹን ያስተኛባት አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ስሟ ይቅርባችሁ። ብነግራችሁ ግማሻችሁ «የኛ አገር ናት» ብላችሁ ልትኮሩ፣ ግማሻችሁ ደሞ «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር ተደርጎም አያውቅ» ብላችሁ ልትክዱ ነው። ቆላው ከደጋው የሚገናኝባት፣ መስጊዷ ከአስፋልቷ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ፣ ሲሄድ አቧራ የምትሆን ከተማ ናት በሉና ጆሮ ስጡኝ።

በዚች ከተማ ሐጂ ጦይብ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጉብዝናቸው ዘመን የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ስንት ዳገት፣ ስንት ጭቃ አልፈዋል። አርጅተው ከመሪው ሲወርዱ ከመስጊዱ ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ ጎማና አሮጌ ባሌስትራ ይሸጡ ጀመር። ባሌስትራ ማለት ከመኪና ሆድ ስር ተደራርቦ ክብደቱን የሚሸከመው ብረት ነው። መኪና ሲባል ወንበሩን ብቻ ለምታውቁት ብዬ ነው።

ሰው ግን ሐጂን በሱቃቸው ሳይሆን በጋቢያቸው ነበር የሚያውቃቸው። በዚያች ከተማ የትልቅ ነገር ዋጋ በአፍ አይጠራም። ግመልም ይሁን በቅሎ፣ ኋላም መኪና ሲመጣ መኪናም ቢሆን። ዋጋ በአደባባይ ከተጠራ ሻጩ በድህነቱ፣ ገዢው በሀብቱ ይታያል፤ ዐይንም ይበላቸዋል ይላሉ። ስለዚህ ሁለቱ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ጋ ይመጣሉ። ሐጂ መስጊዱ ግንብ ስር ካለው መደብ ላይ ይቀመጡና ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ። ከጋቢው ስር በግራ እጃቸው የሻጩን፣ በቀኝ እጃቸው የገዢውን እጅ ይይዛሉ። ከዚያ እሳቸው ይገባል የሚሉትን ዋጋ ያህል ጣት ይጨብጣሉ። እያንዳንዷ ጣት የታወቀ ገንዘብ አላት። ያልተስማማው ጣቱን ይስባል፣ የተስማማው ያጥፋል። ሁለቱም ያጠፉ እንደሆነ ሐጂ «ፋቲሃ» ይላሉ፤ የቁርኣን መክፈቻዋ ትቀራለች፣ ፊት ይታበሳል፣ አለቀ። በጋቢ ስር የገባ ዋጋ ከጋቢ አይወጣም። ሚስት አትሰማውም፣ ደላላም አይሰማውም።

ደላላ ካልኩ ሙክታር ቅቤውን ላስተዋውቃችሁ። ቅቤው የተባለው ምላሱ ስለምትሟሟ ነው። ይሄ ሰው ሐጂ በተቀመጡ ቁጥር ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ ብሎ፣ ድመት አንሶላ ስር የገባች አይጥ እንደምታይ ያን ጋቢ ሲያይ ይውል ነበር። አንዴ ሐጂን ለዚህ ሁሉ ድካም ምን ያገኛሉ፣ ሻይ እንኳ አይጠጡም ወይ አላቸው አሉ። «ሻዩን የጠጣሁለት ሰው መኪና ድምጿ ይጣፍጠኛል» አሉት። እንዲህ ነበሩ ሐጂ ጦይብ። ኮሚሽን የለ፣ ሻይ የለ። አላህ የሰጣቸው አማና፣ አደራ ነው ብለው ይዘውታል፤ ሰውም አምኗቸዋል።

እንግዲህ ሸምሱ የሚባል የሐጂ የልብ ወዳጅ ነበር። አንዲት ፒካፕ ነበረችው። ፒካፗ ያልጫነችው ነገር አልነበረም። ሽንኩርት ጭናለች፣ ሙሽራ ጭናለች፣ ለዚያራ ወደ ደጋጎቹ መቃብር የሚሄድ ሰው እንደ ማገዶ ተደራርቦባታል፣ ጀናዛም ወደ መቃብር አድርሳለች። ኪሎሜትር መቁጠሪያዋ ሞልቶ ዞሮ እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። ሸምሱ ሲጠየቅ «ሁለተኛ ዕድሜዋ ነው፤ እኔም የሷን ዕድል ቢሰጠኝ» ይል ነበር። አልተሰጠውም። ጉበቱን ታሞ፣ አልጋ ላይ ከርሞ፣ ባንድ የጁምዓ ቀን አረፈ። ሐጂ በእጃቸው አጠቡት፣ በእጃቸው ቀብር አወረዱት።

የሸምሱ ሚስት ዚነት ትባላለች። ሦስት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን እስክትጨርስ ከቤቷ አትወጣም፣ ታውቃላችሁ። እሷ ዒዳ ላይ ተቀምጣ እያለች የተከራዩት ቤት ባለቤት ቤቱን ሊሸጠው ነው የሚል ወሬ መጣ። ወይ ትገዢዋለሽ፣ ወይ ዒዳሽ ሲያልቅ ትለቂያለሽ አላት። ሰውየው ክፉም አይደለም፤ ገንዘብ ፈልጎ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉ ሰው ይሰደባል። ደህና ሰው ሲያስጨንቅ ምን ይባላል።

ሐጂ ሊጠይቋት ሲሄዱ ከመጋረጃው ማዶ ሆና አወራቻቸው። ለቤቱ የተጠየቀችውን ነገረቻቸው። እጇ ላይ ያለውንም ነገረቻቸው። ጉድለቱን ፒካፗ ብትሸፍነው ሸምሱ ራሱ ቤት ሠርቶ እንዳሳደረን እቆጥረዋለሁ አለች። ከዚያም፣
«ሐጂ፣ ባትሞላውስ?» አለች።

ሐጂ መጋረጃውን ያያሉ። ከመጋረጃው ስር የትንሿ ልጅ እግር ይታያል፣ አንደኛው ጣት በጨርቅ ታስሯል። አላህ ያውቃል አሏት። ያኔ ዚነት ወንድሞቿ ሩቅ አገር እንደሆኑ፣ እሷም ወጥታ እጇን ለማንም እንደማትሰጥ፣ ስለዚህ ሐጂ ራሳቸው ወኪሏ ሆነው እንዲሸጡላት ለመነቻቸው።

ሐጂም «እሺ ልጄ» አሉ።

የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወዳጅ ሲለምን እሺ ማለት ቀላል ነው፤ እኔም እላለሁ፣ እናንተም ትላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ስልክ እናጠፋለን። ሐጂ ግን ፈራጅ ናቸው። ፈራጅና ወኪል አንድ ጋቢ ውስጥ አይቀመጡም። የመስጊዱን ኢማም ወኪል ሁኑላት ማለት ይችሉ ነበር። ሐዘን አእምሯቸውን ይዞት ይሁን፣ ወዳጅነት ይሁን፣ አላሰቡትም።

ገዢ መጣ። ጀውሀር ይባላል፤ ከከተማው በታች ካለው ቆላ የመጣ ገበሬ ነው። እህቱ ዐረብ አገር ሰው ቤት እያገለገለች የላከችለትን ብር ይዟል። ሽንኩርቱን ነጋዴ እየመጣ በርካሽ ሲጭንበት ስለሰለቸው፣ ራሴ ጭኜ ገበያ ባደርሰው ብሎ ነው። ሐጂ ፒካፗን እየዞሩ አሳዩት። ይሄን በደንብ ስሙኝ፤ አንድም ነገር አልደበቁትም። ሞተሯን አስነስተው ሰማያዊ ጭሷን አሳዩት፣ ዘይት ትበላለች አሉት። ሁለተኛ ማርሿ እንደምትንሸራተት ነገሩት። በመጨረሻም ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከስሯ ገቡና ጀውሀርንም ጠርተው ሻንሲው ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ በጣቱ አስነኩት። ሻንሲ አጥንቷ ነው፤ እሱ ላይ ነው ሁሉም የቆመው። ሸምሱ ያስበየደው ቀን አብረውት ነበሩ። እስካሁን ይዟል፣ ነገን አላህ ያውቃል አሉት።

ጀውሀር ከስሯ ወጥቶ ጃኬቱን እያራገፈ ሳቀ።
«ሐጂ፣ ሊሸጡልኝ ነው ሊያስፈራሩኝ?» አለ።

ሙክታር ቅቤው ከዚያ ማዶ ሆኖ፣ እኔ ብሆን ይቺን መኪና ሙሽራ አድርጌ ነበር የማሳይህ፣ ሐጂ ግን ገና ሳትሞት አጠቧት አለው። ሰው ሳቀ። ጀውሀር ከሳቁ በኋላ ወደ ሐጂ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የእህቱ ገንዘብ ይበቃል ብሎ እንደሚያስብ፣ ካልበቃም ያለው አንድ ጥማድ በሬ ብቻ እንደሆነ፣ በሬዎቹን ሳይነካ ቢሆንለት ደስ እንደሚለው ነገራቸው። የዋጋ ክርክር አልነበረም። የሆዱን ነው የነገራቸው።

ከዐስር በኋላ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ጋቢውን ዘረጉ። በቀኝ እጃቸው የጀውሀርን እጅ ያዙ፤ የቆፈረ፣ የሻከረ እጅ ነው። ግራ እጃቸው ግን የሚይዘው አልነበረም። ስንት ዘመን ጋቢ ዘርግተዋል፣ በግራ በኩል የሚሳብ ወይ የሚታጠፍ ጣት ያጡት ያን ቀን ነው። ግራ እጃቸው የገዛ ጉልበታቸውን ያዘ።

ልባቸው ዋጋዋን ያውቀዋል። ጭሷን ቀንሶ፣ ማርሿን ቀንሶ፣ ብየዳውን ቀንሶ፣ ለጎማዋና ለጉልበቷ የሚገባውን ጨምሮ አራት ጣት ነው። አራቱን ጨበጡ። የጀውሀር ጣቶች ወዲያው ይታጠፉ ጀመር፤ እህቱ የላከችው ይበቃል ማለት ነው። በሬዎቹም ይተርፋሉ። ሐጂ «ፋቲሃ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

አራት ጣት ግን ያን ቤት አይገዛም። አምስት ነው የሚገዛው። ያ ከመጋረጃ ማዶ የሰሙት «ባትሞላውስ» የሚለው ድምፅ መጣባቸው። ግራ እጃቸው ጉልበታቸውን ጨመቀ። ቀኝ እጃቸው ደሞ ሄዶ የጀውሀርን ትንሿን ጣት ጨበጠ።

ጀውሀር ደንገጥ አለ። አልሳበም። ቀና ብሎ የሐጂን ፊት አየ። በዚያ ከተማ የሐጂን ፊት አይቶ ጣቱን የሚስብ ሰው አልተወለደም። እሳቸው ካሉ ሐቅ ነው። ቀስ ብሎ ትንሿን ጣቱን አጠፋት። ፋቲሃ ተቀራ።

በዚያ ሰሞን አንድ ጣት የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ነበረች። በሚቀጥለው ገበያ ጀውሀር በሬዎቹን ሊሸጣቸው እየጎተተ መጣ። ዚነት ቤቱን ገዛች። ለሐጂ የላከችው ዱዓ በሰው በሰው እየዞረ ጆሯቸው ገባ። ሐጂ ያን ቀን መግሪብን ሲሰግዱ ግንባራቸውን መሬት ደፍተው ሱጁድ ላይ ቆዩ። ኸይር ነው የሠራሁት ይላሉ ለራሳቸው። አባታቸው የሞተ የቲሞች ናቸው፣ ወዳጄ ነው፣ ሰውየው ወጣት ነው ይሠራል ይላሉ። ነፍስያ ጎበዝ ጠበቃ ናት፤ ክፍያም አትጠይቅ፣ ቀጠሮም አታበዛ። ግን ያን ያህል መከራከር ያስፈለጋት ምን አጥፍቼ ነው ብለው አልጠየቋትም።

ክረምት ሊገባ ሲል ፒካፗ ሽንኩርት እንደጫነች ቁልቁለቱ ላይ ተሰበረች። ብየዳው ነው የለቀቀው። ከመሀሏ እንደ እርጥብ እንጨት ጎበጠች፣ ሆዷ አስፋልት ነካ። ጀውሀር በሕይወት ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ሽንኩርቱ ገደል ለገደል ተንከባለለ፤ መንገደኛው በጋቢም በሻርፕም እየለቀመ ወሰደው። የጭነት መኪና ጎትቶ አምጥቶ መስጊዱ አጠገብ ጣላት። ሰው ሁሉ ጀውሀርን «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ ሶብር አድርግ» አለው። ሐጂንም «ቀደር ነው፣ እርስዎማ ብየዳውን በጣቱ አስነክተውት የለ» አሏቸው። ማንም የወቀሳቸው የለም። ማንም ሊወቅሳቸው የሚችልበት መንገድም የለም፤ ከጋቢው ስር የሆነውን የሚያውቀው አላህና ቀኝ እጃቸው ነው።

ጀውሀርም ሊወቅሳቸው አልመጣም። የመጣው እንዲፈርዱለት ነው። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ፕላስቲክ ተከናንቦ ሱቃቸው በር ላይ ቆመ። ይችን ስብርባሪ እንድሸጣት ዋጋ ይቁረጡልኝ፣ የሚወጣላትን ያህል ይዤ አንድ እንኳ በሬ ልግዛ፣ ሰው ሁሉ እያረሰ ነው፣ የኔ ማሳ ጦሙን አደረ አላቸው። ሲናገር ዐይናቸውን አያይም ነበር። እሳቸውም የሱን አላዩም።

ሙክታር ቅቤው ይሄን አጋጣሚ ከየት እንደሸተተው እንጃ፣ ዝናቡን አቋርጦ ደረሰ። እሱ መላ አለው። ሻንሲውን ይበይዱታል፣ በላዩ ጥቁር ቀለም ይቀቡታል፣ ከሩቅ አገር ለሚመጣ አንድ ነጋዴ ይሸጡለታል። ሐጂ ጋቢያቸውን ብቻ ይዘርጉ፤ ሐጂ ከዘረጉ ነጋዴው ከስሯ ገብቶ አያይም። ሙክታር ፈገግ ብሎ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለና፣
«እኔ ጋቢውን ስመለከት ነው የኖርኩት ሐጂ። ለሟች ቤት አንድ ጣት ከረዘመች፣ ለዚህ ምስኪን ግማሽ ጣት ብትረዝም ምን አለ?» አላቸው።

ሐጂ ያን ሲሰሙ እጃቸው ላይ የነበረው ቁልፍ ወደቀ። ጀውሀር አልሰማም፤ ፕላስቲኩን እያራገፈ ነበር። ሐጂ ሙክታርን ሂድ አሉት። ጀውሀርን ደሞ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ና፣ ገዢ አገኝልሃለሁ አሉት።

እስከዚያ ድረስ የሠሩትን ሚስታቸው እንኳ የሰማችው በኋላ ነው። ሱቃቸውን ከነጎማው ከነባሌስትራው ለጎረቤታቸው ሸጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ላይ ለፍተው ያፈሯት ያች ሱቅ ናት። ገዢው ዕቃውን እየቆጠረ ሲረከብ እሳቸው በር ላይ ቆመው ዝናቡን ያዩ ነበር።

ጁምዓ ደረሰ። ሕዝቡ ከመስጊድ ወጣ፣ ሐጂ መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢውን ዘረጉ። ጀውሀር በግራ በኩል ተቀመጠ፤ አሁን ሻጭ ነዋ። ሰውም ገዢውን ለማየት አንገቱን አሰገገ። ሙክታር ቅቤውማ ከሁሉም ፊት ቁጢጥ ብሏል። «ገዢው በመንገድ ላይ በጭቃ ተይዞ ይሆን ሐጂ?» አለ። ሐጂ በግራ እጃቸው የጀውሀርን እጅ ያዙ። አራት ጣት ጨበጡ። ከዚያ አምስተኛዋን።

ጀውሀር ጣቱን ሳበ። ብዙ ሆነብኝ ብሎ የሳበ ሻጭ በዚያች ከተማ እሱ የመጀመሪያው ነው። «ሐጂ፣ ተሳስተዋል» አላቸው በሹክሹክታ። ሐጂ መልሰው ያዙት። እንደገና አምስቱን ጨበጡና አልለቀቁም። ጀውሀር የሚያደርገው ሲጠፋው አጠፈ። ሐጂ «ፋቲሃ» አሉ። ሰው ግራ ገብቶት ፋቲሃውን ቀራ፤ ገዢ በሌለበት።

ከዚያ ጀውሀርን ይዘውት ባዶው መስጊድ ገቡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ገንዘቡን ምንጣፉ ላይ አኖሩለትና ሁሉንም ነገሩት። ልቤ የቆረጠው አራት ነበር፣ አምስተኛዋን የጨመርኳት ለየቲሞቹ ብዬ ነው፣ የሴትየዋ ወኪል ሆኜ ባንተ ላይ ፈረድኩ፣ መኪናዋን በቆረጥኩት ዋጋ እኔው ገዝቻታለሁ፣ አፉ በለኝ አሉት።

ጀውሀር ገንዘቡንም እሳቸውንም አየ። ሲናገር ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

«እኔ በሬዎቼን እየሸጥኩ የርስዎን ፊት ነበር የማስበው። ሐጂ ካሉ ልክ ነው እያልኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ገንዘቡን እቀበላለሁ። ክረምቱን ግን ማን ይመልስልኛል ሐጂ?»

በሬ በዚያ ወቅት ዋጋው ወጥቷል፤ ሁሉም እያረሰ ማን ይሸጣል። ጀውሀር ገንዘቡን ጠቅልሎ ያዘና ወጣ። አፉ ብያለሁ አላለም። አልልም ብሎም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ደስ አይልም፤ ግን ልንገራችሁ። የተሰበረችው ፒካፕ ተጎትታ ሐጂ አጥር ስር ተቀመጠች። ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ጀመር። ከተማው ሐጂ ሱቃቸውን ሸጠው የመኪና ሬሳ መግዛታቸውን ሰማና ሳቀ። ጃጁ አሉ። ቡና ቤት የተቀመጠው ሁሉ፣ የራሱን ፍየል በትክክል ሸጦ የማያውቀው ሁሉ፣ ስለ ሐጂ ጭንቅላት ባለሙያ ሆነ። ሙክታር ቅቤው «ሐጂ ሁለተኛ ኪሎሜትር ጀምረዋል» እያለ አሳቀባቸው። ሻጭና ገዢ ሲመጡባቸው ሐጂ ጋቢዬ ታጥቦ አልደረቀም ይሏቸዋል። በበጋም አልደረቀም አሉ። ሰውም ገባው፤ መምጣት ተወ። ቀስ በቀስ ዋጋ በአፍ ይጠራ ጀመር፣ በጩኸት፣ እነ ሙክታር መሀል ገብተው ከሁለቱም ወገን እየቆረጡ። ያ መደብ ዛሬ ጫማ የሚያወልቁበት ሆኗል።

ዚነት ዒዳዋን ጨርሳ ልጆቿን ይዛ ሐጂን ልትጠይቅ መጣች። አጥሩ ስር የባሏን መኪና ስታይ ቆመች፣ ቦዲዋን በመዳፏ ዳሰሰችና አለቀሰች። ሐጂ ለሸምሱ ብለው የገዟት መሰላት። «የወዳጅዎን ነገር ሜዳ ላይ ስላልጣሉ አላህ እርስዎንም አይጣልዎት» አለቻቸው። ሐጂ አሚን ማለት አቃታቸው። ልጆቹን እያዩ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

መኸር ሲገባ ጀውሀር መጣ። ዘግይቶ በተዋሰው በሬ አርሶ፣ ማሽላው ቀጥኖበት፣ ፊቱም እንደ ማሽላው ቀጥኖ። መንገድ ላይ ሰው በሐጂ ሲስቅ ሰምቷል። ደሙ ፈልቷል። ሐጂ አጥሩ ስር ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ልናገር፣ ሐጂ አልጃጁም፣ ሐቄን ሊመልሱልኝ ነው የገዙት ልበል አላቸው።

«ተው ልጄ» አሉት። «አንተ ስትናገር ዚነት ትሰማለች። ያለችበት ቤት ባንተ በሬ መገዛቱን ትሰማለች። ሁለት ቤት ከሚያፍር አንድ ሽማግሌ ይጃጅ።»

ጀውሀር ልቡ ትንሽ ተከፍቶ ይሁን አዝኖላቸው፣
«ሐጂ፣ ለራስዎ አልወሰዷትም እኮ። ለየቲም ብለው ነው። አላህ እንደ ሰደቃ ይጽፍልዎት ይሆናል» አላቸው።

ሐጂ ጦይብ ቀና ብለው አዩት።
«ሰደቃ ከፈለግኩ የኔ ኪስ ነበረ። እኔ የገባሁት ያንተ ኪስ ውስጥ ነው። ልጄ፣ አዛኝ ነኝ ስትል መጀመሪያ እጅህ የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ እይ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ሲናገሩ ብዙም አልተሰማ። በሻዕባን ወር አረፉ። ጀውሀር ቀብራቸው ላይ ነበር፤ አፈር አልብሷል። በልቡ አፉ ብሏቸው ይሁን አይሁን አልተናገረም፣ የጠየቀውም የለም። ጀውሀር ይሄን ሁሉ ታሪክ የተናገረው ዚነት ራሷ ከሞተች በኋላ ነው።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። ሐጂ የወሰዷትን በብዙ እጥፍ መለሱ፣ ሱቃቸውን ሰጡ፣ ስማቸውን ሰጡ፣ ታዲያ ለምን እንዲህ ከበዳቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ከበዳቸው፣ ምክንያቱም የሰው ሐቅ ከገንዘቡ ጋር ጊዜውንም ይዞ ይሄዳል። ብሩ ይመለሳል፤ ያልታረሰች ክረምት አትመለስም። ደሞ ሌብነቷ የእዝነት ልብስ ለብሳ ነው የመጣችው። ሌባ ሆና ብትመጣ ሐጂ ያባርሯት ነበር፤ እያለቀሰች መጥታ ነው የገባችባቸው።

እና ይቺ እያለቀሰች የምትገባዋ የኛም ቤት አለች። የእህቱን የውርስ ድርሻ ከልክሎ ለመስጊድ ምንጣፍ የሚያነጥፍ አለ፤ ስሙ ተጠርቶ ማሻአላህ ተብሎለታል። የሠራተኛውን ደሞዝ አሳድሮ በረመዳን የሚያስፈጥር አለ። ዘመዱን አዝኖለት ከሰልፉ ፊት የሚያስገባ አለ፤ ከኋላ የቆመችውን ነፍሰ ጡር አላያትም። አንተ ከጥግ የተቀመጥከው፣ እየሳቅክ አትየኝ፤ ያንተንም አውቀዋለሁ፣ ለአዳም ልጅ ነውር አይጎድለውም ብዬ ነው የተውኩህ።

ሐጂ ጦይብ ያስገቧት አንዲት ጣት ናት። እሷን ለማውጣት የነበራቸውን ሁሉ ሰጥተው፣ እሱም እንዳልበቃ እያወቁ አፈር ገቡ። እኛ እጃችንን እስከ ክርን አስገብተን እንቅልፍ ይወስደናል። አላህ ቀብራቸውን ያብራላቸው፤ የኛን እንቅልፍ ደሞ ሳንሞት ይንሳን።